የእናቴ ስለት

የካቲት 13፣ ሰኞ

ጾሙ ዛሬ ገባ። ይህን ደብተር የገዛሁት የንስሐ አባቴ አባ ሰራቢዮን ስላዘዙኝ ነው። ባለፈው ሳምንት ለኑዛዜ ገብቼ ሩብ ሰዓት ሙሉ አፌን ስከፍትና ስዘጋ አይተው፣ «ዊሳ ልጄ፣ አንደበትህ ከታሰረ ጻፍ። ለእኔ አታሳየኝ፤ ብቻ ለራስህ አትዋሽ» አሉኝ። ስለዚህ ሳልዋሽ ልጀምር።

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ከውትድርና ከተመለስኩ ሁለት ወር አልሞላኝም። ከትንሣኤ በኋላ፣ በዳግማይ ትንሣኤ ዕለት፣ በረሃው ውስጥ ወዳለው ገዳም ለአመክሮ እገባለሁ። ነገሩ አዲስ አይደለም። አራት ዓመቴ ላይ ማጅራት ገትር ይዞኝ ሐኪሞቹ «ውሰጂው፣ ቤቱ ይረፍ» ባሏት ቀን እናቴ በዚያ ገዳም ደጃፍ ተንበርክካ፣ «ከተረፈልኝ ያንተ ነው፤ ሲያድግ መነኩሴ አድርጌ እመልስልሃለሁ» ብላ ተሳለች። ተረፍኩ። እዚህ ላይኛው ግብጽ፣ በከተማችን በመላዊ፣ ይህን የማያውቅ ክርስቲያን የለም። ትምህርት ቤት ሳለሁ ኳስ ስስት እንኳ ልጆቹ «ተውት፣ እሱ የገዳም ነው» ይሉ ነበር።

ደስ ብሎኛል። ዕድለኛ ነኝ። ስንቱ ጥሪው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ይባዝናል፤ የእኔ ገና የወተት ጥርሴ ሳይነቀል ተወስኖልኛል።

የካቲት 16

ከጠዋት እስከ ማታ ሞተር ቤት። የኡስታ ሻዕባን ነው፤ ዋና ባለሙያ ስለሆኑ ሁሉም ኡስታ ይላቸዋል። አባቴ ከሞተ ወዲህ፣ ከአሥራ ሁለት ዓመቴ አንስቶ እሳቸው ጋር ነኝ። የመስኖ ሞተር ይጠግናሉ። ከውትድርናው በቀር እኔም ሌላ ሥራ አላውቅም።

ዛሬ ሁለት ኩሽኔታ ቀየርኩ። አንድ የዛገ ብሎን ግማሽ ቀን በላኝ። ሲፈታ ጮህኩ። ኡስታ፣ «የሚመንን ሰው በብሎን እንዲህ ይፈነድቃል?» አሉ። ቀጣዩን ብሎን ያዝኩ።

እጄ ግራሶ ነው። ገጹ ቆሸሸ።

የካቲት 19፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ መውጫው ላይ ሴቶቹ ከበቡኝ። ገና ሳልሄድ «አባ ዊሳ» ሆኛለሁ። በወረቀት የተጻፈ ስም ኪሴ ውስጥ ይከታሉ፦ ለፈተና፣ ለኩላሊት፣ ኩዌት ሄዶ ስልክ መደወል ላቆመ ባል። ዓይነ ስውሩ መሪጌታ ጠዕማ ጉንጬን በጣታቸው ዳስሰው፣ «ጺም ይወጣለታል፣ አትሥጉ» አሉ። ሁሉም ሳቀ።

አንዲት ሴት የሕፃኗን ራስ እጄ ሥር አስገባች። ምን ልበል? እጄን ማንሣት ነውር መሰለኝ፣ ማሳረፉም ውሸት። «ይባርክህ» ብላኝ ሄደች። ቀኑን ሙሉ እጄን ታጥቤ ታጥቤ አልጠራ አለኝ።

እማ ከኋላ ቆማ ታይ ነበር። ፊቷ ዐመድ መስሏል። ጾሙ ከብዷት ነው።

የካቲት 24

የውትድርና መልቀቂያ ወረቀቴ ጠፋ። ያለ እሱ ገዳሙ አይቀበልም። መሳቢያው ውስጥ፣ ከአባቴ መነጽር አጠገብ ነበር ያስቀመጥኩት። ቤቱን ገለበጥኩት። የለም። እንዲህ ዝርክርክ ሰው እንዴት ሊመነኩስ ነው?

የካቲት 26

እማ ሻንጣዬን ለሁለተኛ ጊዜ አጠበችው። ባዶ ሻንጣ ነው። «አልደረቀም፤ እስኪደርቅ ምንም አታስገባበት» አለች። ውጭ ድንጋይ የሚሰነጥቅ ፀሐይ አለ።

ኑዛዜ ገባሁ። አባ ሰራቢዮን «ሌላስ?» አሉኝ። «ሌላ የለም» አልኩ። «ሌላስ?» አሉ ደግመው። «እህቴን ሰደብኳት» አልኩ። አልሰደብኳትም። ኑዛዜ ላይ ዋሸሁ ማለት ነው፤ ያውም ራሴ ላይ።

የካቲት 30፣ ሐሙስ

ዛሬ ብዙ የምጽፈው አለኝ።

ከከተማ ወጣ ብሎ ቦዩ ዳር ካለ መንደር ተጠርተን ሄድን። የሦስት ቤተሰብ ስንዴ በአንድ ሞተር ነው የሚጠጣው፤ ሞተሩ ከቆመ አራተኛ ቀኑ። ስንዴው እሸት ሊይዝ ሲል ነው ውሃው የቀረበት፤ ጫፉ መቃጠል ጀምሯል። ባለቤቱ መደቡ ላይ ራሱን ይዞ ተቀምጦ ነበር። ሰላምታ እንኳ አልመለሰልንም። ሚስቱ፣ «ሌላ ሰው መጥቶ ሞተሩ ሞቷል ብሎን ሄደ» አለችን።

አልሞተም። ጆሮዬን ሳስጠጋ ገባኝ። ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ ውሃ የሚስበው ቱቦ መጋጠሚያው ላይ አየር ያስገባል። መጋጠሚያውን የሚያሽገው ጓርኒሲዮን በስብሷል። ምትኩን ከከተማ ለማምጣት ቀኑ ሊያልፍ ነው። ከአሮጌ ጎማ በቢላ ቆርጬ ሠራሁለት፤ ሁለቱ ተበላሹ፣ ሦስተኛው ልክ ሆነ። ኡስታ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ጥላ ሥር ተቀምጠው «ወደ ግራ! አንተ ልጅ፣ ወደ ግራ ነው ያልኩህ!» ይላሉ። ቱቦው ሁለት ጊዜ አሳለ፣ ጭቃ ተፋ፣ ከዚያ ውሃው መጣ። ሴትዮዋ እልል አለች። ሰውየው ጫማውን ሳያወልቅ ውሃው ውስጥ ገባና እንደ እብድ ቆመ። እኔም ገባሁ። ለምን እንደገባሁ አላውቅም።

በባለ ሦስት እግሯ ሞተር ሳይክል ስንመለስ ኡስታ እንዲህ አሉኝ፦ «ጉልበቴ አልቋል። ልጄ እንደሆነ ከሄደበት አይመለስም። ሞተር ቤቱን ካንተ ጋር ልያዘው። ስሞት ደግሞ አንተ ትይዘዋለህ።»

«ኡስታ፣ እኔ እኮ ከበዓል በኋላ…»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። እኛም ሙስሊሞቹ ዘንድ ስለት አለ። ግን በግ ነው የምንሳለው። በግ ምንም አይልም። አንተስ ምን ትላለህ?»

«እኔ ተስማምቻለሁ።»

«ስትስማማ ድምፅህ እንደዚያ ቱቦ አየር ያስገባል» አሉ።

ሳቅኩ። ከሳቅኩ በኋላ ግን ከፋኝ። ቤት ገብቼ ሳስበው ውሃው ሲመጣ እግዚአብሔርን ማመስገን እንኳ ረስቻለሁ። እንዲያው ደስ አለኝ፣ በቃ። እንዲህ ያለ ደስታ የሥጋ ነው መሰለኝ።

መጋቢት 3፣ እሑድ

ዕጣ ጣልኩ። ነቢያትም ሐዋርያትም ጥለዋል፤ ኃጢአት አይደለም። ሁለት ወረቀት ቆረጥኩ፤ አንዱ ላይ «ሂድ»፣ አንዱ ላይ «ቅር»። ከእመቤታችን ሥዕል ሥር አድርጌ፣ አባታችን ሆይ ደግሜ፣ ዓይኔን ጨፍኜ አወጣሁ።

«ሂድ»።

ጥሩ። ግልጽ ነው።

ጥቂት አየሁትና ከሦስት ሁለት ይሁን አልኩ። እንደገና «ሂድ»። ከአምስት ሦስት ይሁን። ሰባተኛውን ሳወጣ እህቴ ዩስቲና በሩን በረገደችው። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ምላሷ ምላጭ። «ከድንግል ማርያም ጋር ካርታ ትጫወታለህ እንዴ?» አለችኝ።

መንፈሳዊ ዝግጅት ነው አልኳት።

መጋቢት 5

ባልሰማ ይሻለኝ ነበር። እማና ጎረቤታችን ፋዪዛ ማድ ቤት ሆነው ቅጠል ይቀነጥሱ ነበር፤ እኔ ደረጃው ላይ ጫማዬን አስራለሁ። ፋዪዛ፣ «ታድለሽ! ለእግዚአብሔር የሚሰጥ ልጅ ወለድሽ» አለቻት።

እማ፣ «ባልሰጥስ?» አለች። «ወታደር ቤት ሳለ የተሳፈሩበት የጭነት መኪና ሲገለበጥ እግዚአብሔር እሱን ከመሃል ያተረፈው ለምን ይመስልሻል? ሊያስታውሰኝ ነው። ቃሌን ባጥፍ አፈር ነው የማለብሰው፣ አፈር።»

እንግዲህ መንገዱ አንድ ብቻ ነው። እምቢ ብል እማ በየቀኑ ሬሳዬን ስትጠብቅ ልትኖር ነው። መቼም እንዲህ አይደረግም።

እምቢ ለማለት ያሰብኩ አስመስዬ ጻፍኩት። አላሰብኩም።

ሆዴን ያመኛል። ባቄላው ነው።

መጋቢት 10፣ እሑድ

ማታ ከገዳም ተመለስኩ። ሦስት ቀን ቆየሁ፤ ገዳሙ በጾም ለእንግዳ ዝግ ቢሆንም ለአመክሮ የሚታሰብ ሰው አስቀድሞ እንዲታይ ይፈቅዳሉ። አዲስ ገቢዎችን የሚያሠለጥኑት አረጋዊው አባ ባኩም ናቸው። ሰባ ዓመት ሳያልፋቸው አይቀርም፤ ሲሄዱ መሬቱን እንዳይቀሰቅሱት የሚሣቀቁ ይመስላሉ።

ሁሉም ደግ ናቸው። አንድ ክፉ ቢኖር ይሻለኝ ነበር። በሌሊት ተነሥተን ስንጸልይ፣ ዝማሬው ጣሪያው ሥር እንደ ማዕበል ሲሄድና ሲመለስ፣ ዕንባዬ መጣ። ውብ ነው። እንደ እኔ ለአመክሮ ሊታዩ የመጡት ሁለት ወጣቶች ፊታቸው በርቷል፤ አንዱ፣ «እዚህ ስገባ ቤቴ የገባሁ ያህል ተሰማኝ» አለኝ። እኔም «አዎ» አልኩት። የማስበው ግን ዩስቲና የሒሳብ ፈተናዋን ማለፍ አለማለፏን ነበር።

በሁለተኛው ቀን የጉድጓዱ ፓምፕ ቆመ። ልየው ብዬ ለመንኩ። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ሲያልቅ ቀና ብል አባ ባኩም ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

«ታዜማለህ» አሉኝ።

«አላወቅሁም አባቴ፤ ይቅርታ።»

«የትንሣኤን መዝሙር ነው የምታዜመው። ገና የጾሙን እኩሌታ ሳንደርስ።»

መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሳቸው ግን አልተቆጡም። «ማን ጠራህ?» አሉኝ።

«እናቴ ተስላኝ…»

«የእናትህን አልጠየቅሁም።»

ከዚያ ያ ስንት ሳምንት የታሰረው አንደበቴ በአንድ ጊዜ ተፈታ፦ «አባቴ፣ እርስዎ ይቁረጡልኝ። ግባ ካሉኝ እገባለሁ፣ ሂድ ካሉኝም እሄዳለሁ። የሚሉኝን እሰማለሁ።»

«ይሄማ ተንኮል ነው» አሉ። «ኋላ ሲከፋህ የምታማርረው ሰው ፈልገህ ነው። ልጄ፣ እዚህ የሚገባ ሰው በሩን ራሱ ያንኳኳል። ተጎትቶ የገባ ወይ ራሱን ያሳምማል፣ ወይ እኛን። ለእናትህ ነግረሃታል?»

«ምኑን?»

«እሱን እንኳ ገና ለእኔም አልነገርከኝ» ብለው ሳቁና መፍቻዬን ከመሬት አንሥተው አቀበሉኝ።

መጋቢት 14፣ ሐሙስ

ረመዳን ገባ። ኡስታም ይጾማሉ፣ እኔም እጾማለሁ። ሞተር ቤቱ ውስጥ ሻይ የሚባል ነገር ቀረ። ደንበኛ ሲመጣ ሁለታችንም እንጮህበታለን። «ዛሬ ሰይጣን ራሱ ቢመጣ ከእኛ ጋር አይጋጭም» አሉ ኡስታ።

ወረቀቱ አሁንም የለም። ምትክ ለማውጣት ሚንያ ከተማ ልሂድ ስላት እማ፣ «በጾም አትንከራተት፤ ከበዓል በኋላ ትሄዳለህ» አለች። ከበዓል በኋላ እኮ ነው የምገባው! ቀን መቁጠር ተሳናት።

መጋቢት 20፣ ረቡዕ

ዩስቲና ዱቄት ልትቀዳ ጣሳው ውስጥ እጇን ስትሰድ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ነካች። የእኔ ወረቀት። «መልቀቂያህ ዳቦ ሊሆን ነበር» ብላ ጉልበቴ ላይ ጣለችው።

«እንዴት ዱቄት ውስጥ ገባ?»

«እግር አውጥቶ!» አለች። ከዚያ በሩን ዘጋችና ፊቴ ተቀመጠች። «ዊሳ፣ አንተ ከሞተር በቀር የምታውቀው የለም። ባዶ ሻንጣ ስንት ጊዜ ይታጠባል? ወረቀት በፌስታል ራሱን ጠቅልሎ ይደበቃል? ማታ ማታ እማ ስታለቅስስ አትሰማም?»

«እንደምናፍቃት አስባ ነው።»

«ታዲያ እኔ ምን አልኩ!»

ይህን የምጽፈው ሁሉም ከተኙ በኋላ ነው። ለራሴ አልዋሽም ብዬ ነበር የጀመርኩት። መለስ ብዬ አነበብኩት። አምስት ሳምንት ሙሉ ዋሽቻለሁ፤ ያውም ቀን እየጻፍኩ።

መመንኮስ አልፈልግም።

ይኸው ጻፍኩት። ጣሪያው አልተደረመሰም።

እግዚአብሔርን እወደዋለሁ፤ ያ አልተለወጠም። ገዳሙንም አልጠላሁትም። ታላቅ ምክንያት ቢኖረኝ ምነው! ሌላ ሰው ቢሆን ለሀገር፣ ለትምህርት፣ ለፍቅር ብሎ ይቀራል። እኔ ኩሽኔታ ልቀይር፣ ከእህቴ ጋር ልጨቃጨቅ፣ ውሃ ሲመጣ ልይ ብዬ ነው። ይህን ይዤ እግዚአብሔር ፊት መቆም ያሳፍረኛል።

መጋቢት 21

ነገርኳት።

ከሰዓት በኋላ ጠፍጣፋው ጣሪያችን ላይ፣ እርግቦቻችን አጠገብ፣ ምስር ትለቅም ነበር። ወረቀቱን ምስሩ ላይ አስቀመጥኩት። እጇ ቆመ።

«ዱቄቱን ማን ነካው?» አለች።

«እማ፣ መሄድ አልፈልግም።»

አንዲት ጠጠር አነሣች፣ ወደ ብርሃን አድርጋ አየቻት፣ ከምስሩ ጋር መልሳ ጣለቻት።

«ሴት አለች?»

«የለችም።»

«እዚያ ክፉ ተናገሩህ?»

«ኧረ እንዴት ደግ መሰሉሽ! እማ፣ እዚሁ ሆኜ ሞተር ልጠግን ነው የምፈልገው። ሰንበት ሰንበት አስቀድሳለሁ፣ እጾማለሁ፣ እናንተ ጋር እኖራለሁ። ትንሽ ነገር እንደሆነ አውቃለሁ…»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት!» ብላ ደረቷን መታች። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይህችን ቃል ስጠብቅ! እሱ እምቢ ካለ ምን አደርጋለሁ፣ እኔ ቃሌን አላጠፍኩም እላለሁ እያልኩ። ደግሞ ተመልሼ፣ ኃጢአቱን በልጅሽ ልታላክኪ ነው? እያልኩ ራሴን ስረግም። አንተ ደግሞ ጠዋት ማታ ደስ ብሎኛል፣ ደስ ብሎኛል!»

«አንቺን ደስ እንዲልሽ ነው እኮ!»

«እኔ ምን ደስታ ታየብኝ!»

እንዴት እንደጀመረን አላውቅም፤ ሳቅ ያዘን። ከዚያ ለቅሶ። ምስሩ ተበተነ፣ እርግቦቹ ወረዱበት። ዩስቲና ከደረጃው ሥር፣ «አልቅሳችሁ ስትጨርሱ የተረፈው ምስር ይቀቀል!» አለች።

ግን አላለቀም። ስንወርድ እማ አንጓዬን ያዘችና፣ «አሁን ይወስድሃል» አለች፤ ቀስ ብላ፣ እርግቦቹ እንዳይሰሟት ያህል።

መጋቢት 23

ወደ ሥራ እንዳልሄድ ከለከለችኝ። መንገድ ስሻገር ከኋላዬ መጣች። ግንባሬን በቀን አሥር ጊዜ ትነካለች። ትላንት አስነጠሰኝ፤ ሻማ ለኮሰች። የተፈታሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ገመዱን ለእሷ ነው ያቀበልኳት።

አባ ሰራቢዮንን አማከርኳቸው። «ወስኛለሁ» ስላቸው፣ «ተመስገን፣ በመጨረሻ ኃጢአት ያልሆነ ነገር ተናዘዝክ» አሉኝ። ከዚያ፣ «እናትህ ከተሳለችበት ደጅ ካልተፈታች አትፈታም። ውሰዳት። እኔ ለአባ ባኩም እደውላለሁ» አሉ።

መጋቢት 25፣ ሰኞ

በጾም እንግዳ ስለማይገባ አባ ባኩም ራሳቸው ወደ በሩ ወጡ። ዘበኛው ሁለት የፕላስቲክ ወንበር አመጣ። እማ አልቀመጥም ብላ መሬት ላይ ሆነች። እሳቸውም ወንበሩን ትተው መሬት ተቀመጡ። እኔ ብቻ ከሁለት ወንበር መሃል ቆሜ ቀረሁ።

«አባቴ፣ ሌባ ነኝ» አለች እማ።

«ምን ሰረቅሽ?»

«ይህንን።» በጣቷ ወደ እኔ ጠቆመች።

አባ ባኩም ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «ለሌባ ትንሽ ይከብዳል» አሉ።

እማ ግን አልሳቀችም። ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ትኩሳቱን፣ ሐኪሞቹን፣ የጭነት መኪናውን፣ ዱቄቱን ሳይቀር። እሳቸው እስክትጨርስ ጠበቁ።

«ያን ቀን የሰጠሽው ልጅ የማን ነበር?»

«የእኔ።»

«የአንቺ?»

እማ ቀና ብላ አየችኝ።

«ሰው የራሱን ይሳላል፤ ሻማውን፣ ጉልበቱን፣ እንቅልፉን። የዚህን ልጅ ዕድሜ ግን እግዚአብሔር ለልጁ ለራሱ ነው የሰጠው። በእጅሽ ያልነበረውን ነው የሰጠሽው፣ ልጄ።»

«ታዲያ ለምን ተቀበለኝ? ለምን አዳነልኝ?»

«አዝኖልሽ ነዋ! ልጇ ሊሞትባት የምታለቅስ እናት ሲያይ እግዚአብሔር ውል አምጪ ይላል እንዴ?»

እማ አንገቷን ደፋች። «ከወሰደብኝስ?» አለች።

ነፋሱ አሸዋውን በበሩ ሥር ሲያሾልከው እናይ ነበር። «አንድ ቀን ሁላችንንም ይወስደናል» አሉ። «ያንን ልዋሽሽ አልችልም። ግን ቂም ይዞ አይመጣም። ቂመኛ ቢሆን እኔ እስከ ዛሬ አልቆይም ነበር።»

ተነሥተው መስቀላቸውን ራሷ ላይ አኖሩና ጸለዩላት። «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ሲሉ የእማ ትከሻ ወደ ታች ወረደ። ለካ ያን ሁሉ ዘመን ከፍ አድርጋ ይዛው ኖራለች። እንዲህ ትንሽ ሴት መሆኗን አላውቅም ነበር።

«አሁን ደግሞ የራስሽን ትሰጫለሽ» አሉ። «ያን ቀን ሆስፒታል ውስጥ አጠገብሽ ማን ነበር?»

«ማንም።»

«በወር አንድ ቀን ወደ ሆስፒታል ሂጂ። ልጇ የታመመባት፣ ማንም የሌላት እናት ፈልገሽ አጠገቧ ተቀመጪ። በቃ።»

ልንሄድ ስንል ወደ እኔ ዞሩ፦ «ያ የሠራኸው ፓምፕ ድምፅ ያወጣል።»

«ምን ዓይነት ድምፅ?» ብዬ ወደ በሩ ተራመድኩ። ዝግ መሆኑን ረስቼ።

«ከበዓል በኋላ» አሉ፣ እጃቸውን ደረቴ ላይ አድርገው። «ቀን መጥተህ፣ ማታ ወደ ቤትህ።»

መኪና ውስጥ እማ ገና መንገዱን ሳንይዝ እንቅልፍ ወሰዳት። ራሷ ትከሻዬ ላይ ነበር። መላዊ እስክንደርስ አልተንቀሳቀስኩም፤ ክንዴ ደነዘዘ።

ሚያዝያ 1፣ ሆሳዕና

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ደርሷል። ዘንባባ ይዘን ስንዞር ሰው ሲያየኝ ወሬውን ያቋርጣል። አንዲት ሴት የጸሎት ወረቀቴን መልስልኝ አለችኝ። መለስኩላት። ሌላዋ ለእማ፣ «አይዞሽ፣ ይኼም ያልፋል» አለቻት፣ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው። እማ፣ «ልጄ እኮ ቤቱ ነው ያለው» አለች። ድምፅዋ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፣ ግን አለች።

አላፈርኩም ብል ውሸት ነው። ጆሮዬ እስኪቃጠል አፍሬያለሁ።

መሪጌታ ጠዕማ በድምፄ ለዩኝና ጠሩኝ። «ታመመ ይላሉ፣ ሴት አገኘ ይላሉ፣ ገዳሙ አባረረው ይላሉ» አሉኝ።

«እርስዎስ ምን ይላሉ?»

«እኔማ ዓይን የለኝ፤ ጆሮ ነው ያለኝ። ሁለት ወር ሙሉ ዜማ ስታበላሽብኝ ነበር። ዛሬ አላበላሸህም።»

ሚያዝያ 6፣ ስቅለት

ስግደት። ስንት እንደሰገድኩ አልቆጠርኩም። ጉልበቴ የለም። ሆዴን ካላመመኝ ሁለት ሳምንት ሆነ፤ አሁን ነው ያስተዋልኩት።

ሚያዝያ 9፣ ሰኞ

ክርስቶስ ተነሥቷል። ትላንት በሌሊት ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ መብራቱ ሲበራ እንደ ሕፃን ጮህኩ፤ የማንም ስለት ሳልሆን፣ ወድጄ።

ዛሬ የፀደይ በዓል ስለሆነ ሀገር ምድሩ ዓሣና ሽንኩርት ይዞ አባይ ዳር ወጥቷል። ኡስታ ሻዕባንም ከነቤተሰባቸው መጡ፤ ገና በረመዳን ጾም ላይ ናቸው። «ጨው የገባውን ዓሣችሁን ነፋሱ ከእኔ ወደ እናንተ በሚነፍስበት በኩል አድርጉት» ብለው ራቅ ብለው ተቀመጡ። ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ኡስታ፣ ያ ያሉኝ ነገር…»

«የቱ?»

«ሞተር ቤቱን አብረን እንያዘው ያሉኝ።»

«እህ።»

«እሺ።»

ወደ ወንዙ አዩ። ከዚያ፣ «አየር አላስገባህም» አሉና እጄን ጨበጡ። «አሁን ሂድልኝ፤ ሽንኩርት ትሸታለህ።»

ሚያዝያ 15፣ ዳግማይ ትንሣኤ

ዛሬ ነበር የምገባው። ጠዋት ስነቃ ትዝ አለኝና አልጋዬ ላይ ትንሽ ቆየሁ። ለእነዚያ ለሁለቱ ወጣቶች ጸለይኩ፤ አሁን በሩን እያንኳኩ ይሆናል። ቤታቸው ይሁንላቸው።

እማ ከቅዳሴ መልስ ምግብ ቋጥራ ሆስፒታል ሄደች፤ የመጀመሪያዋ ነው። አብሬሽ ልምጣ ብላት እምቢ አለች። አመሻሽ ላይ ተመለሰችና ነጠላ ጫማዋን በር ላይ ጥላ ገባች። እኔና ዩስቲና ከሁለት በኩል ያዝናት።

«ኮሪደሩ ላይ አንዲት ልጅ አገኘሁ» አለች። «ከዩስቲና ብትበልጥ በሁለት ዓመት ነው። ከገጠር ነው የመጣችው። ሕፃኗ ትኩሳት ይዞት ይንቀጠቀጣል፤ ባሏ ለሥራ ርቆ ሄዷል። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ምንም አላልኳት፤ ምን እላታለሁ? ዳቦ ቆርሼ ሰጠኋት፣ በላች። ከዚያ ድንገት ተነሥታ እጆቿን ዘረጋችና፣ ጌታ ሆይ፣ ይህ ልጅ ከተረፈልኝ… ስትል አፏን በእጄ አፈንኩት።»

«አፏን?» አለች ዩስቲና።

«ምን ላድርግ! ደነገጥኩ። ሻማ በይ! አልኳት። ዘይት በይ! ከፈለግሽ ጸጉርሽን ስጪው! ልጁን ግን ተይው፤ ሲያድግ ምን እንደሚል አታውቂም።»

«እሷስ ምን አለች?»

«ልጇ እንዲሻለው ብቻ ነው የምትፈልገው፤ በጣቶቼ መሃል ሻማ፣ ሻማ አለች። እኔም አብሬ እገዛልሻለሁ አልኳት።»

«ሕፃኑስ?» አልኩ።

«ስወጣ ትኩሳቱ ወርዶለት ጡት ይጠባ ነበር።» ተነሣችና ምግብ የቋጠረችበትን ጨርቅ አራግፋ አጣጠፈች። «ነገም እሄዳለሁ» አለች።

አባ ባኩም በወር አንድ ቀን ብቻ እንዳሏት አስታወስኳት።

«አንተ ሞተርህን ጠግን» አለችኝ።